«ዝናብ ሰጪ የሚቲዎሮሎጂ ክስተቶች» እነማን ናቸው? ከጅማ ቡና አልጋ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ

ኅዳር ነው። ከጅማ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና ማድረቂያ፣ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ሁለት ሳምንት ፀሐይ ጠግቧል፤ በእጅ ሲያገላብጡት መንኮሻኮሽ ጀምሯል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። «ሸራ! ሸራ!» ተባለ፣ ሁሉም ሮጠ። አንደኛው ሸራ ግን መሃሉ ላይ ተቀዶ ኖሯል። ዝናቡ ሲያባራ ገልጠን ስናይ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ላይ ያለው ቡና ርሷል። ያ ተለይቶ ወደ ሌላ አልጋ ሄደ፤ የራሰ ጀንፈል ይሻግታላ፣ የሻገተ ደግሞ ከደህናው ጋር ከተቀላቀለ የሁሉንም ጣዕም ይዞ ይጠፋል።

የቡናው ባለቤት አዛውንት ናቸው። እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ልጄ፣ ትናንት ማታ ሬድዮው ‹ዝናብ ሰጪ የሚቲዎሮሎጂ ክስተቶች ተጠናክረው ይቀጥላሉ› ሲል ሰምቼው ነበር። እነዚህ ክስተቶች እነማን ናቸው? ቤታቸው የት ነው?» አሉኝ።

«በዚህ ወር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው የሚመጡት፣ አባቴ።»

ሳቁ። «የሕንድ ውሃ የኔን ቡና ምን ፈልጎ ይመጣል?»

እዚያው ቆመን የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፤ ይኸኛው ረጅሙ ነው። ዘመን ስጠቅስ የአገራችንን ጉዳይ በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን «እ.ኤ.አ.» እያልኩ ነው የምጽፈው።

## የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። የአየር ሁኔታ ዛሬ ከሰዓት ጃንጥላ መያዝ አለመያዛችንን ይወስናል። የአየር ንብረት ደግሞ ጅማ ላይ ሐምሌ በጠቅላላው ምን ዓይነት ወር እንደሆነ፣ የብዙ ዓመት መዝገብ ተደምሮ ይነግረናል። ሬድዮው «መደበኛ» የሚለው የ30 ዓመት መዝገብ አማካይን ነው። ከዚያ አማካይ በጣም የራቀው ነገር፣ ማለትም ወቅቱን የበላ ድርቅ፣ አንድ ወር ሙሉ ሊዘንብ የሚገባው በሁለት ቀን ሲወርድ፣ ወይም አልለቅ ያለ ሙቀት፣ ጽንፍ የወጣ የአየር ሁኔታ ይባላል።

## አየሩን የሚያዞረው ማን ነው?

ፀሐይ ናት። በእንጨት የሚነድድበት ማድ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩን አይታችሁታል። ጭሱ ከእሳቱ በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጣሪያውን ሲነካ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቀዝቀዝ ብሎ ይወርዳል። በበሩ ሥር ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ወደ እሳቱ ይሳባል፤ እግራችን የሚበርደን ለዚያ ነው።

የምድር እሳት የሚነድደው ወገቧ አካባቢ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆመው እዚያ ነውና። አየሩ ሞቆ እርጥበቱን እንደተሸከመ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን መያዝ ያቅተውና ያዘንበዋል። ሸክሙን ያራገፈው አየር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተዘርግቶ፣ በሁለቱም በኩል 30 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ ይወርዳል። የሚወርድ አየር እየሞቀ ስለሚሄድ ደመና አያበቅልም። ሰሃራና የዓረብ በረሃ የተዘረጉት በዚህ መውረጃ ሥር ነው። ከዚያ አየሩ መሬት ለመሬት ወደ ወገብ ይመለሳል፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1735 ያስረዳው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሀድሊ ስለሆነ የሀድሊ ዙር ይባላል። ሰውዬው በሙያው የሕግ ሰው ነበር።

ምድር ስለምትሽከረከር ተመላሹ ነፋስ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ይጠመዘዛል። በሰሜን በኩል ያለው ከሰሜን ምሥራቅ፣ በደቡብ በኩል ያለው ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አየሩ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ምድርን የከበበ የደመናና የዝናብ ቀለበት ይሠራል። ባለሙያዎቹ ረጅም ስም አላቸው፤ እኔ ግን መቀነት ልበለው። ወገብ ላይ የሚታሰር ሌላ ምን አለ?

ይህ መቀነት ላላ ብሎ የታሰረ ነው። ፀሐይን ተከትሎ ይንሸራተታል። በእኛ አቅጣጫ፣ ሐምሌ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ሱዳንና ኤርትራ ይደርሳል፤ ጥር ላይ ከምድር ወገብ በታች ወርዶ ታንዛንያና ሞዛምቢክን ያጠጣል። በጋ፣ በልግ፣ ክረምት የምንላቸው ወቅቶች በአብዛኛው የዚህ መቀነት መውጣትና መውረድ ናቸው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሚወጣ አየር ባለበት የሚወርድ አየር አለ። ስለዚህ «ዝናብ ጠፋ» ስንል ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ሌላ ሰው ቤት ነው ያለው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዝናቡ ማን ቤት እንደሄደና ለምን እንደሄደ ነው።

## ታዲያ የጅማ ዝናብ ለምን ይህን ያህል ይረዝማል?

መቀነቱን ከሞያሌ ተነስቶ መቀሌ ደርሶ እንደሚመለስ አውቶቡስ አስቡት። መቀሌ የመጨረሻው ፌርማታ ነው፤ አውቶቡሱ አንዴ ይደርሳል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ይመለሳል። የትግራይና የሰሜን ወሎ ዋና ዝናብ አጭርና ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተጨናነቀው ለዚህ ነው። ቦረና ደግሞ መነሻው አጠገብ ነው፤ ሲሄድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ ያገኘዋል፣ በመካከሉ ግን ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ቦረና ሁለት የተለያዩ የዝናብ ወቅቶች ያሉት፤ ሐምሌ ላይ እኛ በጭቃ ስንንቦጫረቅ እነሱ ዘንድ ደረቅ ነው።

ጅማ መሃል መንገድ ላይ ናት። አውቶቡሱ ወደ ሰሜን ሲያልፍ፣ ሰሜን ሲቆይ ጅራቱ፣ ሲመለስም እንደገና ይነካታል። ስለዚህ በልጉና ክረምቱ ተያይዘው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃሉ። በዚያ ላይ ከኮንጎ ጫካ በኩል ተነስቶ በደቡብ ሱዳን አድርጎ የሚመጣው እርጥብ አየር መጀመሪያ የሚገጥመው የደቡብ ምዕራብ ደጋ ነው። ከኢሉባቦር፣ ከከፋና ከጅማ ተራሮች ጋር ሲጋጭ ሽቅብ ይገፋል፤ ሽቅብ የተገፋ እርጥብ አየር ደግሞ ዘነበ ማለት ነው።

የጅማ የዓመት ዝናብ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳይፈስና ሳይተን ቢጠራቀም አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ የአሥር ዓመት ልጅን ይውጣል። ወደ ምሥራቅ በተቀራራቢ ኬክሮስ ብትሄዱ ግን ጎዴ ሩቡን እንኳ አታገኝም። ያው ፀሐይ፣ ያው ወገብ፤ ልዩነቱ ነፋሱ ነው። ክረምት ላይ ማዳጋስካር አጠገብ ካለ ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚነሳ ኃይለኛ ነፋስ የኬንያንና የሶማሊያን ዳርቻ ታክኮ ወደ ሕንድ ይሮጣል። የሚሮጠው ከመሬት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ባለ ከፍታ ነው። ኦጋዴን ላይ ግን የሚያነሳው ተራራ ስለማያገኝ ሸክሙን ሳያራግፍ ያልፋል። የሕንድ ገበሬ በዚያ ውሃ ሩዝ ይዘራበታል።

እዚህ ላይ ከቡናው ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። የቡና ዛፍ በደረቁ ወራት እምቡጡን ይዞ ይተኛል። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ደህና ዝናብ ሲያገኝ፣ ከሳምንት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ማሳው በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል። አበባው ሁለትና ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። ዝናቡ ትንሽ ጠብ ብሎ ከቀረ እምቡጡ ከእንቅልፉ ይነቃና ውሃ ያጣል፤ አበባው ሳይፈካ ይጠወልጋል። የዚያ ዓመት ምርት መጠን ሲወሰን ለቀማው ገና ሰባትና ስምንት ወር ይቀረዋል። ስለዚህ ለእኛ «መቀነቱ ሁለት ሳምንት ዘገየ» ማለት ከቀን መቁጠሪያ ያለፈ ነገር ነው።

## ክረምት ላይ ከደመናው በላይስ ምን ይነፍሳል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ፈጣን ነፋስ አለ። የሚፈጠረው የቲቤት አምባና የሕንድ ክፍለ አህጉር በበጋቸው ሲግሉ ነው። ከዚያ የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ በአናታችን ላይ ያልፋል።

ሥራው የጭስ ማውጫ ነው። እሳት የሚነድደው ከሥር አየር ስለገባ ብቻ አይደለም፤ ከላይ መውጫ ሲያገኝ ነው። ከታች ከኮንጎና ከውቅያኖሶቹ የሚገባው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ ይህ የላይኛው ነፋስ እየጠረገ ይወስድለታል፤ ስለዚህ ሌላ ይከተላል። ነፋሱ የበረታ ክረምት ብዙውን ጊዜ ጥሩ ክረምት ነው። ሲደክም ጭሱ ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ደመናው ይሰበሰብና ሳይዘንብ ይበተናል። የኢትዮጵያ ክረምትና የሕንድ ሞንሱን፣ ማለትም የእነሱ የዝናብ ወቅት፣ ብዙ ጊዜ አብረው የሚያምሩትና አብረው የሚከፉት በዚህ ዝምድና ነው። አዛውንቱ በሳቁበት ነገር ውስጥ እውነት አለ፤ የሕንድ ሰማይ የእኛም ጣሪያ ነው።

## ፓስፊክ ላይ ውሃ ቢሞቅ እኛ ምን አገባን?

«ኤልኒኖ» የሚለው ቃል ከ2007ቱ ድርቅ ወዲህ ገበያ ሁሉ ገብቷል፤ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደ በሽታ ስም ነው። ስሙን ያወጡት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ባሕሩ አልፎ አልፎ በፈረንጅ ገና ሰሞን ሞቆ ዓሣው ሲጠፋባቸው፣ በልደቱ ሰሞን ስለሚመጣ «ሕፃኑ» አሉት።

በደህናው ጊዜ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የፓስፊክን የሞቀ ውሃ እየገፋ ኢንዶኔዥያ በኩል ይከምረዋል። አየር እዚያ ይወጣል፣ ፔሩ በኩል ይወርዳል። ከምሥራቅ ምዕራብ የሚዞር ሌላ ዙር ነው። ነፋሱ ሲደክም የተከመረው ሙቅ ውሃ ወደ መሃልና ወደ ምሥራቅ ተመልሶ ይፈስሳል፤ ምድጃው ቦታ ለወጠ ማለት ነው። ምድጃው ቦታ ሲለውጥ ጭሱ የሚወርድበት ግድግዳም ይለወጣል። ነፋሱ ከመጠን በላይ ሲበረታ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ እሱ ላኒና ነው። ኤልኒኖ በየሁለት እስከ ሰባት ዓመቱ ይመጣል፤ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከዘጠኝ እስከ 12 ወር ይቆያል። ነገሩን ቀደም ብሎ የጠረጠረው እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሕንድን የአየር ትንበያ ይመራ የነበረው ጊልበርት ዎከር ነው። ሞንሱን ለምን እንደሚከዳ ሲፈልግ የደረሰው ፓስፊክ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ኤልኒኖ ክረምት ላይ ሲያርፍ ያን የላይኛውን ነፋስ ያዳክማል፤ በሰሜን፣ በምሥራቅና በመሃል አገር ዝናቡ ይቀንሳል። የ2007 ክረምት እንዲያ ሆነና በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። በነገራችን ላይ ረሃብ ሙሉ በሙሉ የአየር ሥራ አይደለም። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ረሃብ ያደረገው ጦርነቱና የዘመኑ አስተዳደርም ጭምር ነው። ዝናብ ሲቀር መንገድ ካለ፣ ጎተራ ካለ፣ ሰላም ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

ግራ የሚያጋባው ክፍል ቀጥሎ ነው። ያው ኤልኒኖ መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ሲገባ ፊቱን ያዞራል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም በሶማሌ ክልልና በቦረና፣ ያንን ወቅት ከልክ በላይ ያረጥበዋል። 1990 ዓ.ም. ሲገባ እንዲህ ሆኖ ሸበሌ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ጥቅምትና ኅዳር 2016 ተደገመ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በጎርፍ ተጎዳ። እነዚሁ ሰዎች ከ2013 እስከ 2015 መባቻ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቶባቸው ከብታቸው ያለቀባቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የዘለቀ ላኒና ነበር።

ጅማስ? ጅማ በሁለቱ መሃል ናት። ኤልኒኖ ክረምቷን ሊቀንሰው ቢችልም እንደ ሰሜኑ አያደርቀውም፤ የኮንጎው በር ክፍት ነዋ። የእኛ ራስ ምታት ኋላ ላይ ነው፦ ሊያባራ በሚገባው ጥቅምትና ኅዳር ዝናቡ ሲጎትት። ለቦረና አርብቶ አደር በረከት የሆነው የኅዳር ዝናብ አልጋ ላይ ለተሰጣ ቡና መርዝ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ «ኤልኒኖ መጣ» ሲል መጠየቅ ያለበት «ለማን? በየትኛው ወር?» ተብሎ ነው።

## የሕንድ ውቅያኖስ የራሱ ሥራ የለውም?

አለው፤ ለኅዳር ዝናባችን ከፓስፊክ ይልቅ እሱ ይቀርባል። የቡና ነጋዴ የድሮ ሚዛን ሁለት ሳህን እንዳለው ሁሉ፣ የሕንድ ውቅያኖስም ሁለት ጎን አለው፤ አንዱ ሶማሊያ በኩል፣ አንዱ ኢንዶኔዥያ በኩል። አንዳንድ ዓመት የሶማሊያው ጎን ይሞቅና የኢንዶኔዥያው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ አየር የሚወጣው በእኛ በኩል ነው፤ ነፋሱም እርጥበት ይዞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገባል። ሳይንቲስቶች ይህን ለይተው ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የትናንት እውቀት ነው ማለት ይቻላል።

2012 ዓ.ም. ሲገባ ሚዛኑ በጣም አጋደለ። ኬንያ፣ ሶማሊያና ምሥራቅ ኢትዮጵያ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ፣ በሌላኛው ሳህን በኩል አውስትራሊያ ደርቃ ጫካዋ ነደደ። ፓስፊክ ላይ ያን ጊዜ ይህ ነው የሚባል ኤልኒኖ አልነበረም።

የበረሃ አንበጣውም የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ተከታትለው የዓረብን ባዶ በረሃ አረጠቡት። ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ ሣር በቀለ፣ አንበጣው ማንም ሳያየው ተራባ፤ ከዚያ በየመን አድርጎ ባሕሩን ተሻገረ። በ2012 እርጥብ ሆኖ የጠበቀው የእኛ ምሥራቅ ደግሞ አስተናገደው። ኦማን ላይ የዘነበ ዝናብ ሐረርጌ ላይ ማሽላ በላ።

አውሎ ነፋስ ዝናብ ሊነጥቅም ይችላል። መጋቢት 2011 ኢዳይ የተባለው ማዕበል ሞዛምቢክን ሲመታ በአካባቢው ያለውን እርጥብ አየር ወደ ራሱ ሲስብ ነበር፤ በዚያው ሰሞን የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ዘገየ።

## ጅማ ላይ የዘነበው ጅማ ላይ ይቀራል?

አይቀርም። ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውሃ ጊቤንና ጎጀብን ይዞ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ያበቃል። ነሐሴ 1998 ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ወረዳ ላይ ከ300 በላይ ሰው ሲሞት፣ ቦታው በራሱ ደረቅ ቆላ ነው፤ ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እዚህ ጃንጥላ ይዘን ያለፍነው ዝናብ እዚያ በሌሊት ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ወሰደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ድሬዳዋ ላይም ደቻቱ ወንዝ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ ክረምቱ በጠቅላላው የበረታ ነበር።

ዝናቡ ሲያንስም መንገዱ ያው ነው። ግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ አገሩ በሙሉ መብራት በፈረቃ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ፀጉር ቤት ውስጥ ማሽን ሲቆም ጅማ ላይ ስለቀረው ዝናብ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ መገናኛው ግን ይኸው ነው።

## ሰማዩ ‹ሲቆም› ምን ይፈጠራል?

ይህ ከእኛ ራቅ ያለ ስለሆነ አላበዛውም። በአውሮፓና በእስያ ኬክሮስ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ሌላ የላይኛ ነፋስ አለ። እንደ ወንዝ ነው፤ ሲፈጥን ቀጥ ይላል፣ ሜዳ ላይ ሲደክም እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ጥምዝምዙ አንድ ቦታ ረግቶ ከቀረ፣ ከእጥፋቱ በአንዱ ጎን ያለው አገር ሳምንታት ሙሉ ይጠበሳል፣ በሌላው ጎን ያለው ሳምንታት ሙሉ ይዘንብበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጋ ሞስኮ በሙቀትና በጭስ ስትታፈን፣ ፓኪስታን ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በጎርፍ የተጎዳው በዚሁ በአንድ እጥፋት ሁለት ጎን ነው። የዋልታው መሞቅ ይህን መርጋት እያበዛው ነው ወይስ አይደለም በሚለው ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ።

## የምድር መሞቅ በዚህ ሁሉ ላይ ምን ጨመረ?

ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ገና የሚጠና።

ጠንካራው ይህ ነው፦ አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እርጥበት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የጀሪካኑ መጠን አደገ በሉት። ትልቅ ጀሪካን እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል፤ ለመሙላትም ከመሬቱና ከቅጠሉ የበለጠ ውሃ ይመጠምጣል። ሲደፋ ግን የሚደፋው የበዛ ነው። ድርቁም ጎርፉም አብረው ለምን እንደሚብሱ የማይገባው ሰው ካለ መልሱ ይኼ ነው፤ ያው ጀሪካን ነው። ዓለም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ባለው አሥርት ዓመት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረችበት በአማካይ በ1.1 ዲግሪ ሞቃለች። ያን አምስት ወቅት የቀጠለ የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ ያጠና ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን ሚያዝያ 2015 ላይ ባወጣው ውጤት፣ የምድር መሞቅ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ ከፍ እንዳደረገው ገልጿል። ዋናው ምክንያት ደግሞ ሙቀቱ የቀረችውን እርጥበት ከአፈሩ መምጠጡ ነው።

እያንዳንዱን አደጋ ግን «የአየር ንብረት ለውጥ» ብሎ መዝጋት ስንፍና ይመስለኛል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲቀበር ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ግን የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ አፈሩ፣ የሰው አሰፋፈር ሁሉ እጃቸው አለበት።

ገና የሚጠናው የነፋሶቹ መንገድ ነው። የሀድሊ ዙር መውረጃ ጫፍ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ዋልታዎቹ በኩል እየሰፋ ነው፤ ይህ ተለክቷል። መቀነቱ እኛ ጋ ምን ያደርጋል የሚለው ላይ ግን ስሌቶቹ አይስማሙም። አብዛኞቹ የኮምፒውተር ስሌቶች ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት እርጥብ እንደሚሆን ያሳያሉ፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት የታየው የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ግን በተቃራኒው ሲያንስ ነበር። ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንቆቅልሽ ይሉታል።

## ትንበያው ታዲያ ለምን ይስታል?

ከፊሉ ጥፋት የአሰማማችን ነው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ለምሳሌ ያህል «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20»። እኛ ጆሮ የሚደርሰው «ይዘንባል» ብቻ ሆኖ ነው። 45 በመቶ ማለት እንዲህ ያለ ትንበያ ከወጣባቸው 100 ወቅቶች 55ቱ ‹ከመደበኛ በላይ› አይሆኑም ማለት ነው። ሸራ ለመግዛት ይበቃል፤ ለመማል አይበቃም። የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ መሃሉ ላይ ሦስት ሳምንት ደረቅ ሊሆንም ይችላል፤ ድምሩ ስለ አከፋፈሉ አይናገርም።

ትንበያው ሁልጊዜም እኩል አይደክምም። ክረምቱን በሚመለከት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ የፓስፊክ አዝማሚያ መታየት ስለሚጀምር የሚጨበጥ ነገር አለ። የጥቅምትና የኅዳሩ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ነሐሴና መስከረም ላይ የሁለቱ ውቅያኖሶች ሙቀት ተለክቶ ያድራል፣ ውቅያኖስ ደግሞ እንደ አየር ቶሎ ሐሳቡን አይለውጥም። ከባዱ በልግ ነው፤ ያን ጊዜ ፓስፊክ ራሱ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ወር ስለሆነ ስሌቶቹ ይደናበራሉ።

ይህን ላዛውንቱ ስነግራቸው የያዙት ሌላውን ትተው አንዱን ነው። «እንግዲህ መስከረም ላይ ስለ ባሕሩ ሙቀት የሚሉትን ልስማ፣ ለቀማውንና ሸራውን በዚያ ልክ ላዘጋጅ። መጋቢት ላይ አበባው ሲመጣስ ማንን ልስማ?»

ለመጋቢት የማውቀው የአሥር ቀኑንና የሦስት ቀኑን አጭር ትንበያ ነው፤ ያንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና የተቀደደውን ሸራ ለመስፋት መርፌና ሲባጎ እንዲመጣላቸው ላኩ።